ጥሩምባው ያልተነፋበት ቀን፦ የአንድ የደሴ ቅሬ ጉዳይ

ለምን እንደጻፍኩት

በ2014 ዓ.ም. ጥር ውስጥ፣ ከጥምቀት ጥቂት ቀናት በኋላ፣ በሰፈራችን አንዲት እናት ሞቱ። ጥሩምባ አልተነፋም። ደሴ ላይ ላደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ለሌላው ግን ልንገረው፤ ሰው ሞቶ ቅሬ አልወጣም ማለት ነው።

እኔ የዚያ ቅሬ ጸሐፊ ነኝ። መዝገቡ በእጄ ነው። ያን ቀን ቤቴ ነበርኩ፣ እኔም አልወጣሁም። ስለዚህ ከደሙ ንጹሕ ነኝ ብዬ አይደለም የምጽፈው። ነገሩ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ በአንድ ሸህ ድካም መልክ ያዘ። እንዴት እንደያዘ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። በቃል ባወራሁት ቁጥር ደግሞ ታሪኩ እያማረ ሄደ፤ የከሸፈው እየተረሳ፣ የተሳካው እየገነነ። ከዚህ በላይ ሳያምር ልጻፈው ብዬ ነው። የማንንም ስም አልጠራም። ሰፈሩንም አልናገርም።

ሰፈሩና ቅሬው

ሰፈራችን ከጦሳ ተራራ ግርጌ ነው። ዳገት ነው። ክረምት ላይ ጭጋግ ሲወርድ ከአንዱ በር ሌላው በር አይታይም። ቃሬዛ ተሸክሞ ያንን ዳገት መውጣት ብዙ ትከሻ ይፈልጋል።

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንዱ መቃብር ይቆፍራል፣ ሴቷ ታበስላለች። ያልወጣ ይቀጣል። የእኛ ቅሬ ሙስሊምና ክርስቲያን የተቀላቀለበት ነው። አንዳንዱ ቤት ራሱ የተቀላቀለ ነው፤ አክስት ሐጂ፣ አጎት ዲያቆን የሆኑበት ቤት አለ።

ንብረታችን ብዙ አይደለም። ድንኳን፣ ወንበርና አግዳሚ፣ ቃሬዛ፣ ሳህንና ብርጭቆ፣ ድስቶች። ድስቶቹ ግን ሁለት ወገን ናቸው። የእስላም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ በአንድ ድስት አይበስልማ። የአንዱ ወገን ድስት ጆሮው ላይ አረንጓዴ ቀለም፣ የሌላው ቀይ ተቀብቷል። ይህን ሁሉ የሚጠብቅ ንብረት ያዥ አለ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ እሱ ዘንድ ነው።

ስለ ወሎ ሲጻፍ "ፍቅር" የሚለው ቃል በየመስመሩ ይገባል። እኔ ሲበዛ አይዋጥልኝም። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ ያደረጉበት ቦሩ ሜዳ ከከተማችን ቅርብ ነው። በዚያን ጊዜ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ተገዷል። ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት ናቸው። ደሴ ላይ ያለው የአይጠየፍ አዳራሽም የእሳቸው ነው። አብሮ መኖሩ እዚህ አገር ተሰብሮ ያውቃል። ሰው እየጠገነው ነው የቆየው። ከመጠገኛዎቹ አንዱ ቅሬ ነው።

አምስቱ ሳምንታት

ጦርነቱ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሌሊት ትግራይ ውስጥ ሲጀመር ለእኛ የሬዲዮ ወሬ ነበር። በ2013 ክረምት ግን ወደ ደቡብ ወረደ። ከቆቦና ከወልድያ የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ደሴ ጎረፈ። ትምህርት ቤቶቹ በሰው ሞሉ። እኔ ሒሳብ የማስተምርበት ክፍል ውስጥ አምስት ቤተሰብ ይተኛ ነበር፤ ሰሌዳው ላይ ልብስ ይሰጣል።

ጥቅምት 20 እና 21 ቀን 2014 የትግራይ ኃይሎች ደሴ ገቡ። ኮምቦልቻም ወዲያው ተያዘች። መብራት፣ ስልክ፣ ባንክ ቀጥ አለ። ኅዳር 27 ቀን መንግሥት ሁለቱንም ከተሞች መልሶ መያዙን አስታወቀ። መሃሉ አምስት ሳምንት ይሆናል።

ከሰፈራችን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰው ሸሽቷል። በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ። እኔም ልጆቼን ይዤ ሸሽቻለሁ። የቀረው ሽማግሌ፣ በሽተኛ፣ አስታማሚና መሄጃ የሌለው ነው። ንብረት ያዡ የቀረው እናቱ አልጋ ላይ ስለነበሩ ነው። ሸኹም ቀሩ። ዕድሜያቸው ከ70 አልፏል፤ ልጆችን ቁርኣን ያቀራሉ። "በዚህ ጉልበት የት እደርሳለሁ" ብለው ነው የቀሩት።

በኋላ የገባኝ ነገር አለ። የሸሸውና የቀረው ያዩት ጦርነት አንድ አይደለም። የሸሸው የሚያውቀው ትቶ የሄደውንና ተመልሶ ያገኘውን ብቻ ነው። መሃሉን አያውቅም። እኛ የሸሸነው ያንን መሃል በግምት ሞላነው።

ቁልፉ

ስንመለስ የብዙዎቻችን በር ተሰብሯል። የቅሬው ዕቃ ቤት በር ግን አልተሰበረም። ጓጉንቸሩ ደህና ነው፣ ውስጡ ባዶ። በቁልፍ ተከፍቷል ማለት ነው።

ንብረት ያዡን ጠየቅነው። አልደበቀም። "ማብሰያ አምጣ አሉኝ። ጠመንጃ ይዘዋል። ከፈትኩላቸው" አለ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር። ግን የባለቤቱ ወላጆች ትውልዳቸው ከትግራይ ነው። እሷ ደሴ ተወልዳ፣ ደሴ ተምራ፣ ደሴ የወለደች ናት። ከዚያ በፊት ይህን የሚያነሳ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ከእሱ ሌላ የሚነሳ ነገር ጠፋ። "ቤቶቹን ያሳያቸው እሱ ነው" ተባለ። አንድ ቀን ጠዋት ግድግዳው ላይ በከሰል "ባንዳ" ተጽፎ አደረ።

ታኅሣሥ ላይ ቅሬው ተሰበሰበ። ውሳኔው አጭር ነበር፦ ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ከአባልነት ታግዷል። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማን እንደሚያጣራው፣ እስከ መቼ እንደሚያጣራው አልጻፍኩም፤ ማንም አልጠየቀማ። አሁን ገልጬ ሳነበው ያሳፍረኛል።

ለቅሶው

ጥር ላይ እናቱ ሞቱ። ሆስፒታሉ ተዘርፎ መድኃኒት ያልነበረበት ጊዜ ነው። ጎህ ሳይቀድ ጥሩምባ ነፊው በሬን አንኳኳ። "ልንፋ?" አለኝ። "ዳኛውን ጠይቅ" አልኩት። የቅሬው ዳኛ "ታግዷል እኮ" አሉት። ጥሩምባውን ጋቢው ውስጥ ወሽቆ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሬሳውን የተሸከሙት ስድስት ሰዎች ናቸው። አምስቱ ዘመድ፣ ስድስተኛው ሸኹ። ያንን ዳገት፣ በዚያ ዕድሜ። ቃሬዛው እንኳ የቅሬው አልነበረም፤ ተዘርፏል፤ አልጋ ነው የተሸከሙት። የሰፈራችን ቄስ ፍትሐቱን አድርሰው ለቅሶ ቤት ሳይቀመጡ ወደ ቤታቸው ገቡ። በኋላ ራሳቸው ነግረውኛል፤ "ፈራሁ" አሉኝ። ሰው ምን ይለኛል ብለው ነው።

ድንኳን የለም። ሸራ ተወጠረ። ሸኹ እዚያ ሸራ ሥር ሦስት ቀን ተቀመጡ። ሰላት ሲደርስ ጥግ ይዘው ይሰግዳሉ፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ። ማንንም አልጠሩም፣ ማንንም አልወቀሱም። ግን ያ ቤት ወደ ገበያ መውረጃው መንገድ ላይ ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሲወርድም ሲወጣም ያያቸዋል። በሁለተኛው ቀን ሁለት ሴቶች ቡና ቆልተው መጡ። በሦስተኛው ቄሱ መጡ። እኔ ማታ ላይ ሄድኩ። "እግዚአብሔር ያጽናህ" ብዬ ተቀመጥኩ። ሸኹ ቀና ብለው "መምህር፣ መዝገቡ ደህና ነው?" አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

የከሸፉት

ሸኹ የጀመሩት በስህተት ነው። ይህን እሳቸውም አይክዱም። በቀጣዩ ጁምዓ ኹጥባ ላይ ስለ ሐሜትና ስለ ሐሰት ምስክር ተናገሩ። ስም አልጠሩም፤ ግን ማንን እንደሆነ ሕፃኑም ያውቃል። ሁለት ወጣቶች ተነስተው ወጡ። እስከ ማታ "ሸኹ ተገዝተዋል" የሚል ወሬ ከተማውን ዞረው። የግል ቁስልን ሚንበር ላይ፣ ማለትም መስጊዱ መስበኪያ ላይ፣ አውጥተው ስለነበር፣ የተጎዳው ሰው የተሰደበ መሰለው። ቤቱ የተዘረፈበት ሰው ገና "አይዞህ" ሳይባል "ተሳስተሃል" ተባለ።

ሁለተኛው ክሽፈት የእሳቸው አይደለም። የካቲት ላይ ስለ ሰላም የሚሠራ አንድ ፕሮጀክት መጥቶ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበን። ባነር ተሰቀለ፣ የታሸገ ውሃ ታደለ፣ አበል ተፈረመ። የሃይማኖት አባቶች ተራ በተራ ተነስተው ስለ አብሮነት ተናገሩ። ተጨበጨበ። ፎቶ ተነሳን። ንብረት ያዡ አልተጠራም፤ ከሳሾቹም አልተጠሩም። ሸኹ አበላቸውን ተቀብለው ለጥሩምባ ነፊው ሰጡት። ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። "እሱ ነው ሥራ የፈታው" አሉ።

ሦስት ገጽ

የሠራው ነገር የጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው። አንድ ማታ ሸኹ ቄሱን አስከትለው ቤቴ መጡ። አዲስ ደብተር እንዳወጣ ጠየቁኝ። ሦስት ገጽ ለዩ፤ አንዱ ለቅሬው ንብረት፣ አንዱ ለየቤቱ ንብረት፣ አንዱ ለደም።

"ደም ካለ የእኛ አይደለም፤ የሕግ ነው። እኛ ልናደርቀው የምንችለው ደም ቢኖርም እንኳ መጀመሪያ ሕግ ይየው" አሉ። ከዚያ ለሁለት ሳምንት ቤት ለቤት ዞርን። ሸኹ፣ ቄሱ፣ እኔ፣ እና አንዲት የሰፈሩ አዛውንት ሴት። ሴትየዋን የጨመሩት ቄሱ ናቸው። "ከቤት ምን እንደጠፋ የሚያውቀው ሴት ነው፤ ወንዱ ቴሌቪዥኑን ብቻ ነው የሚቆጥረው" አሉ። እውነታቸውን ነው።

የቅሬው ዳኛ እንዳይገቡ ሸኹ ራሳቸው ሄደው ለመኗቸው፤ የእሳቸውም ቤት ተዘርፏል፣ ከሳሽ ናቸው። ዳኛው ተቆጡ። ግን ቀሩ።

በየቤቱ የሚጠየቀው ተመሳሳይ ነበር። ምን ጠፋ? ያየኸው ነው የሰማኸው? ከሰማህ ከማን? ያየ ሲል "አየ" እጽፋለሁ፣ የሰማ ሲል "ሰማ"። ንብረት ያዡን የከሰሱት 11 ቤቶች ነበሩ። ከ11ዱ በዓይኔ አይቻለሁ ያሉት ሁለት ናቸው። ሁለቱም ያዩት ዕቃ ቤቱን ሲከፍት ነው፤ ያንን እሱም አልካደም። ቤት ሲያሳይ ያየ አልነበረም። ሦስተኛው ገጽ ባዶ ሆኖ ቀረ። ባዶውን ገጽ ለሰው ሁሉ ማሳየታችን ከሁሉ በላይ ጠቀመን። ሰው ሲናደድ ሦስቱን ገጽ አንድ ላይ ነው የሚያነባቸው።

ንብረት ያዡን ያነጋገሩት ሸኹና ቄሱ ብቻቸውን ነው። እኔ ውጭ ነበርኩ። ሲወጡ ሁለቱም ፊታቸው ጠቁሯል። ምን እንዳለ አልነገሩኝም። ሸኹ ብቻ በሩ ላይ ቆመው "ይህን እኔ አልናገርልህም ልጄ። አንተው ነህ የምትናገረው" ሲሉት ሰማሁ።

የተከፈተው በር

መጋቢት ላይ ወሬ ተነዛ። ለሦስት ሌሊት የመስጊዱ ግቢ በር ክፍት ያድራል፣ መብራት ይጠፋል፣ ዘበኛው ቤቱ ያድራል። በእጁ የሰው ዕቃ ያለው ሰው አምጥቶ ቢያስቀምጥ የሚጠይቀው የለም።

እውነቱን ለመናገር እኔ አላመንኩበትም። ዘራፊዎቹ ሄደዋል፣ ማን ነው የሚመልሰው? የመጀመሪያው ሌሊት ምንም አልመጣም። በሁለተኛው ሁለት ወንበርና ጆሮው አረንጓዴ የሆነ አንድ ድስት ተገኘ። በሦስተኛው ግን ግቢው ሞላ። አግዳሚዎች፣ ፍራሽ፣ በጆንያ የተሞላ ልብስ፣ ቴሌቪዥን፣ የቅሬው ሳህኖች፣ ደግሞም አንድ የብረት በር ከነመቃኑ። ያን በር ማን በጨለማ ተሸክሞ እንዳመጣው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ድንኳኑ አልተመለሰም።

ነገሩ ግልጽ ነበር። ታጣቂው የወሰደው ወስዷል። የተረፈውን ያነሳሳነው እኛው ነን፤ የቀረው ሰው፣ ቀድሞ የተመለሰው ሰው፣ ምናልባትም "ባንዳ" ብሎ የጻፈው እጅ። ጠዋት ላይ ግቢውን ለማየት የመጡት ወጣቶች ድምፃቸው ጠፋ። አንዱ "ይሄ በር የማን ቤት በር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማን እንደወሰደውም…" ሲል ሸኹ እጃቸውን አነሱ። "ተባብለናል፤ አይጠየቅም" አሉ። አልተጠየቀም።

የጾም ማዕድ

የዚያ ዓመት ነገር ገጥሞ ነበር። ዐቢይ ጾም የካቲት 21 ገባ፣ ረመዳን መጋቢት 24። እስከ ፋሲካ፣ ሚያዝያ 16 ድረስ፣ ሰፈሩ በሙሉ ጾመኛ ነው። ቄሱ ሽምግልናው ከሕማማት በፊት እንዲያልቅ ፈለጉ፤ በዚያ ሳምንት መስቀል መሳለም የለም፣ ኑዛዜና ፍትሐትም የለም። ስለዚህ ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት፣ አመሻሽ ላይ፣ የመስጊዱ ግቢ ውስጥ ተቀመጥን። ቀን ላይ ቡና የማይጠጣበት ሽምግልና መቼም አይቼ አላውቅም። ሰው ሁሉ ፈዟል። ምናልባት መፍዘዙ ራሱ በጀን፤ የሚጮህ ጉልበት ያለው አልነበረም።

ወጣቶቹ ንብረት ያዡ በወንጌል እንዲምል ጠየቁ። ሸኹም ቄሱም እምቢ አሉ። ቄሱ "በመሐላ ያስገባችሁትን ሰው ነገ ሌላ ነገር ሲገኝ በመሐላው ታስወጡታላችሁ" አሉ።

ከዚያ ሸኹ ተናገሩ። ያሰብኩት ስለ ይቅርታ ሐዲስ ይጠቅሳሉ ብዬ ነበር። አልጠቀሱም። "እኔም እዚህ ነበርኩ። ጠመንጃ የያዘ ልጅ በሬን መትቶ ውሃ ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ሌላ ቀን ዳቦ ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ልጄን ያህላል፤ ፈርቼውም ነው፣ አዝኜለትም ነው። ስትቀጡ ከእኔ ጀምሩ" አሉ። ዝም አልን። ከቀሩት ሽማግሌዎች አንዱ "እኔም ፍየሌን አርጄ ሰጥቻለሁ" አለ። ሌላዋ ተነሳች። በዚያች ቅጽበት ነው የሸሸነው ሰዎች መሃሉን ማየት የጀመርነው።

ከዚያ ንብረት ያዡ ተነሳ። የ16 ዓመት ልጁን ለሁለት ቀን ይዘውበት እንደነበር ተናገረ። ልጁን ለማስለቀቅ ዕቃ ያለበት ቤት አሳየን ብለውታል። አሳይቷቸዋል። አንድ ቤት። የጨርቅ ነጋዴዋን የጎረቤቱን ቤት። የደብተሬ "አየ" እና "ሰማ" ይህን አልያዘውም ነበር።

ጎረቤቱ እዚያው ተቀምጣ ነበር። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ "የእኔን ልጅ ይዘውት ቢሆን እኔም አደርገው ነበር። ግን ከተመለስኩ አራት ወሬ ነው። በየቀኑ በሬ ላይ ታልፋለህ። ቀድመህ መንገር ነበረብህ። እኔ አውፍ አልልም።"

ማጉረምረም ተነሳ። አንዳንዱ ሰው ዕርቁ እንዳይበላሽ ፈርቶ ሊገፋፋት ሞከረ። ሸኹ "ተዋት። ያልበረደለት ሰው አይገደድም። እሷ የጠየቀችው ሐቋን ነው" አሉ። ሦስት ነጋዴዎች የጠፋባትን ጨርቅ እንዲገምቱ ተመረጡ። ግምቱን በየወሩ እንዲከፍል፣ ገንዘቡም በእኔ በኩል እንዲያልፍ ተስማማ። የቅሬው እገዳ ተነሳ። ንብረት ያዥነቱ ግን አልተመለሰለትም፣ እሱም አልጠየቀም።

መግሪብ አዛን ሲል ተምር ተበላ። ከዚያ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን መጣ። ሥጋ የለበት፣ ቅቤ የለበት። ስለ ድስት ጆሮ ቀለም የተጨነቀ አልነበረም። በአንድ ትሪ ነው የበላነው። የሰፈራችን ዕርቅ ሁሌ የሚያበቃው በሁለት እርድና በሁለት ድስት ነበር፤ ሰው ታርቆም ለሁለት ተከፍሎ ይበላል። ያን ማታ አልተከፈለም። ይህን ማንም አላቀደውም፣ ቀን መቁጠሪያው ነው ያቀደልን።

ያልተፈታው

ጎረቤቷ እስከ ዛሬ አልታረቀችም። ወደ ቅሬ ትመጣለች፣ መዋጮዋን ትከፍላለች፣ እሱን ግን አታናግረውም። የንብረት ያዡ ልጅ ከተማውን ለቆ ሄደ። የዚያን የከሰል ጽሑፍ ያየ ልጅ ነው፤ አባቱ ቢያጥበውም እሱ እንዳልታጠበለት እገምታለሁ። ሁለት ቤቶች ከቅሬው ወጥተዋል። አንደኛው "ባንዳ አስገባችሁ" ብሎ፣ ሌላው የብረት በሩ ታሪክ ስለነካው ይመስለኛል።

የንብረት ያዡን ሚስት ነገር ደግሞ በቀጥታ አልነካነውም። ማንም ተነስቶ "በዘርሽ ጠርጥረንሻል" ብሎ ይቅርታ አልጠየቃትም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ሲፈረም ሸኹ ቤቷ ሄደው ነበር። ቡና አፈላችላቸው። "እናንተ አገር ቅሬን ምን ይሉታል?" ብለው ጠየቋት። "እኔ አገሬ እዚህ ነው ሸኼ፤ ቅሬ ነው የምለው" አለቻቸው። ሲነግሩኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አየህ፣ እኔም ተሳሳትኩ" አሉ።

ሌላ ሰፈር ቢሞክረው

ከሌላ ወረዳ የመጡ ሰዎች ይህን እንዴት እንድገመው ይሉኛል። እንዳለ መድገም አይቻልም፤ ዓቢይ ጾምና ረመዳን በየዓመቱ አይገጥሙም። ሊወሰድ የሚችለው ግን አለ።

ዋናው ጥያቄውን ማጥበብ ነው። ሸኹ "ባንዳ ነው ወይስ አይደለም?" የሚለውን ጥያቄ አንድም ቀን አልጠየቁም፤ መልስ የለውም። "ድስቱ የት ገባ?" ግን መልስ አለው። ከድስቱ ጀምሮ ነው ወደ ጨርቁ፣ ከጨርቁም ወደ ልጁ የተደረሰው።

ያየና የሰማ የሚለየው መዝገብ ርካሽ ነው፤ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ግን ቤት ለቤት መሆን አለበት። በስብሰባ ላይ "ሰማሁ" የሚል ሰው አይገኝም፣ ሁሉም "አየሁ" ነው።

የሃይማኖት አባት ስብከት የራሱ ቦታ አለው። እዚህ ጉዳይ ላይ ግን የሠራው መቀመጡ ነው፤ ሦስት ቀን ሸራ ሥር። ሚንበሩ ጎዳን። ከተናገሩትም የሠራው የራሳቸውን ውሃና ዳቦ ያነሱበት ነው። ሸኹ ሸሽተው ቢሆን ኖሮ ያንን ሊናገሩት አይችሉም ነበር። ስለዚህ ሽማግሌ ሲመረጥ ከቀሩትም ከሸሹትም እንዲሆን እመክራለሁ፤ እኛ ያገኘነው በአጋጣሚ ነው።

ያለ ጥያቄ ዕቃ የሚመለስበት ሌሊት ይጠቅማል፤ ግን ቃሉ ካልተጠበቀ ሁለተኛ አይሠራም። አንድ ሰው እንኳ ቢጠየቅ ኖሮ አልቆ ነበር።

ስለ ቁልፉ ደግሞ፣ አሁን ሁለት ነው። አንዱ በሙስሊም፣ አንዱ በክርስቲያን እጅ፤ ሁለቱ ካልመጡ በሩ አይከፈትም። የዕቃው ዝርዝር በፎቶ ተይዟል። እገዳ የሚል ቃል በቃለ ጉባኤ ሲጻፍ ማን እንደሚያጣራና እስከ መቼ እንደሆነ አብሮ ካልተጻፈ አልፈርምም። ለቅሶ ደግሞ በእገዳ ውስጥ አይገባም። የታገደም ሰው ይቀበራል። ይህን በደንባችን ውስጥ በቀይ አስምረንበታል።

ከዚያ ወዲህ

አንድ ጊዜ ሸኹን ለዚህ አገር ምን ተስፋ እንዳላቸው ጠየቅኳቸው። ያኔ ክልላችን ውስጥ ሌላ ግጭት ተነስቶ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ሰሞን ነው። እኔ ትልቅ መልስ ጠብቄ ነበር። "የአገሩን አላውቅም መምህር። ይህ ቅሬ ቀባሪ እንዳያሳጣን ነው የምለምነው። ከዚህ ቅሬ ባሻገር ያለውን ደግሞ እዚያ ያለ ሸህ፣ እዚያ ያለ ቄስ ይለምን" አሉኝ። መጀመሪያ ትንሽ ተስፋ መሰለኝ። ከዚያ የእናትየዋን ቀብር አስታወስኩ፤ ስድስት ሰው፣ አልጋ፣ ዳገት።

አዲሱ ግጭት ለቅሬው ከፊተኛው ይከብዳል። ያኛው ከውጭ መጣ ይባል ነበር፤ ይኼኛው አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ወንድማማች የማይስማሙበት ነው። ድንኳን ውስጥ ስለሱ ማውራት ራሱ እንዳይቻል ተስማምተናል። ልክ መሆናችንን እርግጠኛ አይደለሁም።

በ2016 የአንድ አባላችን ልጅ ራቅ ያለ ቦታ ሞተ። መንገድ ተዘግቶ ሬሳው አልመጣም። ጥሩምባው ግን ተነፋ፤ ሬሳ በሌለበት ለቅሶ ተቀመጥን። አዲሱን ድንኳን ስንተክል የቀድሞው ንብረት ያዥ መዶሻ ይዞ ካስማ እየመታ ነበር። ነፋስ አለ። የጨርቅ ነጋዴዋ ድንኳኑ ጥግ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ወደ እሱ ሳትዞር አጠገቧ ያለውን ልጅ ጠራች።

"ንገረው፤ አጥብቆ ይምታ። ባለፈው ወድቆብናል።"

ልጁ ነገረው። አጥብቆ መታ።